ሁለት ጎረቤታም አገሮች ስለ ምን ተዋጉ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተሰማ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ጦርነት መናገር ለበዓል የማይስማማ መስሎ የሚታያችሁ ትኖሩ ይሆናል። እኛም ርእሱን ስንመርጥ ይህንኑ አስበን ጥቂት አመንትተን ነበር። ዳሩ ግን ዓመቱን ሙሉ በታሪክ ክፍላችን ሲያከራክረን የቆየ አንድ ጥያቄ አለ፤ መልሱን ለራሳችን ብቻ ይዘነው ከዚህ ግቢ ብንወጣ የተማርነውን የደበቅን ያህል ይሆንብናል። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ድረስ ኢትዮጵያና ኤርትራ የተዋጉት ስለ ምን ነበር?

እኛ ያን ጊዜ አልተወለድንም። እናንተ ወላጆቻችን ግን ታስታውሱታላችሁ። ከእናንተ መካከል የዘመታችሁ አላችሁ፤ ወንድም ወይም አጎት ሸኝታችሁ ሳይመለስ የቀረባችሁም አላችሁ። ስለዚህ የምንናገረውን ከመጽሐፍ እንጂ ከመከራ እንዳልተማርነው እያወቅን፣ በትሕትና እንናገራለን፤ ብንሳሳት አርሙን።

መምህራችን በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዳችን የጦርነቱን ምክንያት በቁራጭ ወረቀት ላይ በአንድ ቃል እንድንጽፍ አዘዙን። ሁላችንም ለማለት ጥቂት እስኪቀረን ድረስ «ባድመ» ብለን ጻፍን። መምህሩ ወረቀቶቹን ሰብስበው ካነበቡ በኋላ፣ «እንግዲያውስ ባድመ የት ናት? ምን ይበቅልባታል? ስንት ሰው ይኖርባታል?» ብለው ጠየቁ። አንድም እጅ አልተነሣም። ከመካከላችን አንዱ ማታ ወደ ቤቱ ገብቶ በዚያ ጦርነት የዘመቱትን አባቱን ይህንኑ ጠየቃቸው። አባቱም ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ እኔም እዚያ እስክደርስ ድረስ ስሟን ሰምቼው አላውቅም ነበር» ብለው መለሱለት። ይህን መልስ በማግሥቱ ለክፍሉ ሲነግረን ክፍሉ ጸጥ አለ። ጥያቄውን በእውነት መመርመር የጀመርነውም ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። እኛም የነገሩን ሥር ለማግኘት በመጀመሪያ መነሻና ምክንያት የተባሉትን ሁለት ነገሮች መለየት ነበረብን። ክብሪት የሚያቃጥለው ደረቅ ሣር ሲያገኝ ነው፤ በእርጥብ ሣር ላይ የወደቀ ክብሪት ጠፍቶ ይቀራል። መነሻው ክብሪቱ ነው፤ ምክንያቱ የሣሩ መድረቅ ነው። ስለዚህ አስቀድመን ስለ ክብሪቱ፣ ቀጥለንም ስለ ሣሩ እንናገራለን።

መነሻው በአጭሩ የሚነገር ነው። ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም. በባድመ አካባቢ በኤርትራ ወታደሮችና በዚያ በነበሩ የኢትዮጵያ ታጣቂዎች መካከል ተኩስ ተከፈተ፤ ከኤርትራ ወታደሮችም የሞቱ ነበሩ። በዚያው ሰሞን ስለ ድንበሩ ለመነጋገር ከሁለቱ መንግሥታት የተመረጠው ኮሚቴ በአዲስ አበባ ለስብሰባ ተቀምጦ ነበር። ኮሚቴው ነገሩን ሳያበርደው፣ ግንቦት 4 ቀን የኤርትራ ሠራዊት በታንክ ታግዞ ወደ ባድመና ወደ አካባቢው ገባ። በማግሥቱም የኢትዮጵያ መንግሥት ሠራዊቱ እንዲወጣ ጠየቀ። ሁለቱም ሳይበገሩ ቀሩ፤ ጦርነቱም በባድመ፣ በዛላምበሳና በቡሬ በኩል በሦስት ግንባር ተስፋፋ።

እንግዲህ ደረቁ ሣር ምን ነበር? እኛ ያገኘነው አምስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው በወረቀት ላይ ብቻ የኖረ ድንበር ነው። ጣሊያን አሰብን በ1862 ዓ.ም. በኩባንያ ስም ገዝታ፣ ምጽዋን በ1877 ዓ.ም. ይዛ፣ በ1882 ዓ.ም. ቅኝ ግዛቷን ኤርትራ ብላ ሰየመች። ከዓድዋ ድል በኋላ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና የጣሊያን መንግሥት ድንበሩን በሦስት ውሎች ወሰኑ። በ1892 ዓ.ም. የተፈረመው የመካከለኛውን ክፍል በመረብ፣ በበለሳና በሙና ወንዞች አስያዘ። በ1894 ዓ.ም. የተፈረመው፣ እንግሊዝም የገባችበት ውል፣ የምዕራቡን ክፍል ከሰቲት ወንዝ ተነሥቶ ወደ መረብ እንዲሄድ አደረገው። በ1900 ዓ.ም. የተፈረመው ሦስተኛው ውል ደግሞ የምሥራቁ ድንበር ከባሕሩ ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን እንዲሄድ አዘዘ።

በወረቀት ላይ ሲነበብ ሁሉም ግልጽ ይመስላል። እኛም ካርታ ዘርግተን ማስመሪያ ይዘን ሞከርነው። የባሕሩ ዳርቻ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ነው፤ ሰርጡን ተከትለን ብንለካ አንድ መስመር፣ ከአፍ እስከ አፍ ብንለካ ሌላ መስመር ወጣልን። በምዕራቡም በኩል በውሉ ስሙ የተጻፈው ማይ ጤብ የተባለው ወንዝ የትኛው ወንዝ ነው የሚለው ራሱ ከመቶ ዓመት በኋላ ዳኞችን ያከራከረ ጉዳይ ሆኗል። ውሎቹ መልክተኞች ተልከው በምድሩ ላይ ምልክት እንዲተክሉ ያዝዙ ነበር፤ ነገር ግን ድንበሩ በሙሉ በምድር ላይ አልተተከለም። ኋላም ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረች ጊዜ ትግራይን ከኤርትራ ጋር በአንድ ግዛት ስላደረገችው መስመሩ ትርጉም አጣ። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል፣ በ1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈርሶ አንድ ጠቅላይ ግዛት ስትሆንም፣ መስመሩ የጠቅላይ ግዛት ወሰን እንጂ የሁለት መንግሥታት ድንበር አልነበረም። ገበሬው በዚህ በኩል ያርሳል፤ ከብቱ በዚያ በኩል ይግጣል፤ ልጁን ለወዲያኛው መንደር ይድራል። ግብሩንም ለቀረበው ሹም ይከፍላል።

በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ መንግሥት በሆነች ጊዜ ግን ያ የተረሳ መስመር በአንድ ቀን የሁለት ሉዓላውያን መንግሥታት ድንበር ሆነ። የአፍሪካ መንግሥታት በ1956 ዓ.ም. በካይሮ ተሰብስበው በቅኝ ግዛት ዘመን የተወሰነው ድንበር እንዳለ ይጸና ዘንድ ተስማምተው ነበርና፣ ሁለቱም «የውሉን ድንበር እንቀበላለን» ይሉ ነበር። ይሁን እንጂ አንዱ በእጁ ያለውን መሬትና የሚያስተዳድረውን ሕዝብ ይቆጥራል፤ ሌላው በካርታው ላይ ያለውን ቀጥ ያለ መስመር ይቆጥራል። ባድመ ያለችው በዚህ ልዩነት መካከል ነው። ወርቅ ወይም ነዳጅ አልተገኘባትም፤ በሞቃት ሜዳ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በሰላሙ ጊዜ ሁለት መሬት ቀያሾችና ጥቂት የሲሚንቶ ምልክት ሊጨርሱት የሚችሉትን ሥራ፣ ኋላ መቶ ሺሆች ወታደሮች ሊጨርሱት አልቻሉም።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አሳልፈናል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ስለ ድንበሩ ሲያወራ ስለ ገበያው ይረሳል። ኤርትራ ነፃ ከወጣች በኋላም እስከ 1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በብር ትገበያይ ነበር። የአሥመራ እናት ጤፍ ከኢትዮጵያ በሚመጣ እህል ገበያ ትሸምታለች፤ የኢትዮጵያም ነጋዴ ጨውና የፋብሪካ ዕቃ ከዚያ ያመጣል፤ ሁሉም በአንድ ገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ የራሱ መንግሥት ያለው ሕዝብ ሌላ አገር በሚያትመው ገንዘብ መኖር ይከብደዋል፤ የገንዘቡን መጠንና የወለዱን ነገር የሚወስነው የጎረቤቱ ባንክ ነውና። ስለዚህ ኤርትራ በታጋዮቹ ምሽግ በነበረችው ከተማ ስም ናቅፋ የተባለውን ገንዘቧን አወጣች።

አዲስ ገንዘብ ማውጣት መብቷ ነበር። ችግሩ ሁለቱ ገንዘቦች እንዴት ይገናኙ በሚለው ላይ መጣ። ኤርትራ ናቅፋ ከብር ጋር እኩል ሆኖ በሁለቱም አገር ይሠራ ዘንድ ፈለገች። ኢትዮጵያ ግን፣ «የሌላ አገር ገንዘብ ዋጋ በእኛ ላይ ሊጫን አይገባም» ብላ፣ ከጠረፍ ጥቃቅን ገበያ በቀር ንግዱ እንደ ማንኛውም የውጭ አገር ንግድ በባንክ በኩል፣ በውጭ ምንዛሪ እንዲሆን ወሰነች፤ የብሩንም ኖት ለወጠች። በደብተራችን ላይ ሁለቱንም ክርክር ጎን ለጎን ስንጽፋቸው፣ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ የሚያስኬድ ሆኖ አገኘነው። ነገር ግን ዶላር የሌለው ትንሽ ነጋዴ በባንክ በኩል ሊነግድ አይችልምና ገበያው ወዲያው ተዳከመ። ይህ የሆነው ጦርነቱ ከመጀመሩ ከጥቂት ወራት በፊት ነው። ትናንት በአንድ ሚዛን ይገበያዩ የነበሩ ሰዎች በዚያ ዓመት፣ «ሊያስርቡን ነው»፣ «ሊበዘብዙን ነው» መባባል ጀመሩ።

ሦስተኛው ምክንያት የባሕር በር ነው። ኤርትራ ስትለይ ኢትዮጵያ ያለ ወደብ ቀረች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ብዙም አልታወቀም፤ አሰብ ለኢትዮጵያ ዕቃ ነፃ ወደብ እንዲሆን ስምምነት ነበርና፣ የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ አብዛኛው የሚገባና የሚወጣው በዚያ ነበር። ሆኖም ስለ ወደብ ክፍያ፣ ስለ ቀረጥና ስለ ነዳጅ ማጣሪያው ቅሬታ እየበዛ ሄደ። በኢትዮጵያ በኩል የባሕር በሩ በጉዳዩ ሳይመከርበት ሄደብን የሚል ቁጭት በብዙ ሰው ልብ ነበር፤ በኤርትራ በኩል ደግሞ አንድ ቀን ተመልሰው ሊወስዱብን ይችላሉ የሚል ሥጋት ነበር። አንዱ በቁጭት፣ ሌላው በሥጋት ሲኖር በመካከላቸው የሚነገረው ቃል ሁሉ ተጠምዝዞ ይሰማል። ጦርነቱ በተነሣ ጊዜም ኢትዮጵያ ዕቃዋን ወደ ጅቡቲ አዞረች፤ አሰብም መርከብና ሠራተኛ የጎደለበት ወደብ ሆነ። ስለ ወደብ ከነበረው ጠብ ሁለቱም ያተረፉት ነገር የለም።

አራተኛው ምክንያት በቃል የተያዘ ወዳጅነት ነው። በ1983 ዓ.ም. በአሥመራና በአዲስ አበባ ሥልጣን የያዙት ሁለቱ ግንባሮች ማለት የኤርትራ ሕዝባዊ ነፃ አውጪ ግንባርና ሕዝባዊ ወያነ ሓርነት ትግራይ፣ በበረሃ አብረው የታገሉ ነበሩ። ብዙ ሰው ወንድማማች ያላቸው ስለዚህ ነው። ታሪካቸውን ቀረብ ብለን ስናነብ ግን ወዳጅነቱ ቁስል የነበረበት ሆኖ አገኘነው። በ1977 ዓ.ም. ተቃቅረው፣ ያውም ትግራይ በረሃብ በተጎዳችበት ጊዜ ወደ ሱዳን የሚያስኬደው መንገድ በኤርትራው ግንባር ተዘግቶ ነበር። እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስም ሳይነጋገሩ ቆይተዋል። ታርቀው በአንድነት ድል ሲያደርጉም ያ ቅሬታ ታሰረ እንጂ አልዳነም።

በዚህ ላይ ሁለቱ መንግሥታት ሥራቸውን እንደ መንግሥት ከመሥራት ይልቅ እንደ ድሮ ጓዶች መሥራት ይቀናቸው ነበር። ስለ ድንበር፣ ስለ ዜግነት፣ ስለ ንግድ የሚያስቸግር ነገር ሲነሣ መሪዎቹ በመካከላቸው ይነጋገሩበታል እንጂ በሁለቱም አገር ያለው ሕዝብ አይሰማውም፤ ምክር ቤትም አይመክርበትም። በነሐሴ 1989 ዓ.ም. በባዳና በባድመ አካባቢ ስለ ነበረው ግጭት የኤርትራው ፕሬዚዳንት ለኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ ሕዝቡ ይህን የሰማው ግን ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ ነው። የታመመ ሰው በሽታውን ደብቆ ሲሞት ጎረቤቱ በድንገት ሞተ ይላል። የ1990 ዓ.ም. ጦርነትም ለብዙ ሰው እንደ ድንገተኛ መብረቅ የታየው በዚህ ምክንያት ነው እንላለን።

አምስተኛው ምክንያት ማን የማን ዜጋ እንደ ሆነ ሳይታወቅ መቅረቱ ነው። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ በኢትዮጵያ ይኖሩ የነበሩ የኤርትራ ተወላጆችም ድምፅ ሰጥተዋል። ድምፁን ከሰጡ በኋላ እንደ ቀድሞው በኢትዮጵያ ሲሠሩ፣ ሲነግዱ፣ ግብር ሲከፍሉ ኖሩ። ኢትዮጵያዊ ናቸው ወይስ ኤርትራዊ? የጠየቃቸው አልነበረም። ጦርነቱ ሲነሣ ግን ጥያቄው በክፉ ሰዓት ተጠየቀ። በአሥር ሺሆች የሚቆጠሩ የኤርትራ ተወላጆች ከኢትዮጵያ እንዲወጡ ተደረጉ፤ በአሥር ሺሆች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንም ከኤርትራ ወጡ። ባል ከሚስት፣ እናት ከልጅ ተለያየ። ይህ ጦርነቱን ያስነሣ ምክንያት ነው ባንልም፣ እሳቱን ከጠረፍ ወደ እያንዳንዱ ቤት ያደረሰው እርሱ ነው። በዛላምበሳ ያልነበረ ሰው ሁሉ ጦርነቱን በጎረቤቱ የተዘጋ በር አየው።

እነዚህን አምስት ነገሮች ካገኘን በኋላ መምህራችን ክፍሉን በሁለት ከፍለው ግማሻችን ለኢትዮጵያ፣ ግማሻችን ለኤርትራ እንድንከራከር አደረጉ። መጀመሪያ ለኤርትራ የተመደቡት ልጆች አኰረፉ። አንዱማ «እኔ ይህን ከአፌ አላወጣም» ብሎ ተቀመጠ። መምህሩ አልተቈጡትም፤ «ጠላቴ የምትለው ሰው የሚለውን ካላወቅህ እንዴት ትመልስለታለህ?» ብለው ብቻ ወደ ሰሌዳው ተመለሱ። በሳምንቱ ደግሞ ወገን ለዋወጡን። እውነቱን ለመናገር፣ በሁለተኛው ሳምንት ድምፃችን ዝቅ ያለ፣ ክርክራችንም የተሻለ ነበር።

ከዚህ ክርክር የተማርነውን ትልቅ ነገር አሁን እንንገራችሁ። ጦርነቱ ሲያበቃ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ በተፈረመው የሰላም ስምምነት መሠረት ሁለት ኮሚሲዮኖች ተቋቋሙ። አንደኛው የድንበሩን መስመር እንዲወስን፣ ሁለተኛው የካሣውን ጥያቄ እንዲመረምር ነው። የድንበሩ ኮሚሲዮን ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ውሳኔውን ሲሰጥ ዛላምበሳን ለኢትዮጵያ፣ ባድመን ለኤርትራ ወሰነ። የካሣው ኮሚሲዮን ደግሞ በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ፣ ኤርትራ ግንቦት 4 ቀን 1990 ዓ.ም. ጦር አዝምታ መግባቷ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር መጣስ ነው፤ የድንበር ክርክር ያለው አገር በጦር ኀይል መብቱን ሊያስከብር አይፈቀድለትም አለ።

ሁለቱን ፍርዶች አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ተመልከቱልን። በመሬቱ ክርክር ባድመ የኤርትራ ሆነች፤ በጦርነቱ አጀማመር ግን ጥፋቱ የኤርትራ ሆነ። እያንዳንዱ ወገን አንዱን ፍርድ ከፍ አድርጎ ሲያነብ ሌላውን ይደብቃል። እኛ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ማንበብ አለብን ብለን እናምናለን። በነገሩ እውነት ያለው ሰው በአደራረጉ ሊበድል ይችላል፤ የተበደለም ሰው በነገሩ ላይ እውነት ላይኖረው ይችላል። ይህን በቤተ ሰብ ጠብም እናየዋለን፤ በመንግሥታት ጠብ ግን ሳናየው የምናልፈው ብዙ ጊዜ ነው።

የጦርነቱን ዋጋ ለመናገር ቃል ያጥረናል። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች የአሥመራን አውሮፕላን ማረፊያ ደበደቡ፤ በዚያው ቀን የኤርትራ አውሮፕላኖች በመቀሌ በዓይደር ትምህርት ቤት ላይ ቦምብ ጣሉ። ተማሪዎችና ሊያነሧቸው የሮጡ የሰፈር ሰዎች ሞቱ። እነዚያ ተማሪዎች እንደ እኛ ደብተር ይዘው ከቤት የወጡ ነበሩ። በየካቲት 1991 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት ባድመን መልሶ ያዘ። ጦርነቱ በተጀመረ በሁለተኛ ዓመቱ፣ በዚያችው በግንቦት 4 ቀን 1992 ዓ.ም. ታላቁ ማጥቃት ተጀምሮ የኢትዮጵያ ሠራዊት ወደ ኤርትራ ውስጥ ገባ፤ ሰኔ 11 ቀንም በአልጀርስ ተኩስ እንዲቆም ተፈረመ። በሁለቱም ወገን ከ70,000 እስከ 100,000 የሚሆን ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። ከሞቱት አብዛኞቹ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው ተማሪዎች በዕድሜ ብዙ የማይበልጡ ወጣቶች ነበሩ።

ከዚያም በኋላ ሰላምም ጦርነትም ያልሆነ ዘመን ወደ ሃያ ዓመት ያህል ቆየ። ኢትዮጵያ የድንበሩን ውሳኔ ሳትፈጽመው ቆይታ፣ ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ እንደምትቀበለው ተነገረ፤ ይኸውም የዓይደር ሕፃናት ከሞቱ ልክ ሃያ ዓመት በሞላበት ቀን ነው። ሐምሌ 2 ቀንም በአሥመራ የሁለቱ አገሮች የጦርነት ዘመን ማብቃቱ ተፈረመ። በመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዛላምበሳና የቡሬ በሮች ሲከፈቱ፣ ሃያ ዓመት ያልተያዩ ዘመዶች በመንገድ ላይ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እኛም ሕፃናት ሆነን በቴሌቪዥን አይተናል። ይሁን እንጂ በሮቹ ብዙ ሳይቆዩ ተዘጉ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ የኤርትራ ሠራዊትም ገባበት፤ የጠረፉ ሕዝብ እንደ ገና ተሠቃየ። ይህ የሚያሳየን፣ መሪዎች በእጅ መጨባበጥ የከፈቱት በር በጽሑፍና በሕግ ካልጸና መልሶ እንደሚዘጋ ነው። አራተኛው ምክንያት ያልነው ነገር በጦርነቱ ጊዜ ብቻ የቀረ አይደለም ማለት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? ሦስት ነገር ብቻ እንናገርና እንፈጽማለን።

አንደኛ፣ ድንበር የሚለካው በሰላም ጊዜ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ወዳጅነት ባለ ጊዜ «ወንድማማች ምን ድንበር ያስፈልገዋል» ብሎ ማለፍ ቸርነት ይመስላል፤ ለልጆች የሚተርፍ ዕዳ ግን ነው። በገጠር ያደግን ሁሉ እንደምናውቀው፣ ሁለት ወንድማማች ገበሬዎች የማሳቸውን ድንበር በጊዜ ሲተክሉ ፍቅራቸው ይጸናል፤ ሳይተክሉ ቢሞቱ ልጆቻቸው ይካሰሳሉ።

ሁለተኛ፣ ሕዝብ የማያውቀው ስምምነት ሕዝብን አያስታርቅም። የሁለት አገር ጉዳይ በሁለት ሰው ልብ ውስጥ ካደረ፣ ሁለቱ ሰዎች በተቀያየሙ ቀን ሁለቱ አገሮች ይዋጋሉ። ስለዚህ ንግዱም፣ ወደቡም፣ ገንዘቡም፣ ዜግነቱም በተጻፈ ውል መያዝ ይገባዋል፤ ውሉም በየገበያው ሊነበብ ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ ስለ ጎረቤታችን የምንናገረውን ቃል እንጠንቀቅ። ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት ስድብ ነበረ፤ ከስድቡም በፊት ቀልድ ነበረ። እኛ በክፍላችን ውስጥ ያ ጓደኛችን «ከአፌ አላወጣም» ያለውን ክርክር በሁለተኛው ሳምንት በጥሩ አድርጎ ሲከራከር የሰማን ልጆች፣ የሌላውን ወገን ቃል መስማት ክህደት እንዳልሆነ ተምረናል። አገሩን የሚወድ ሰው አገሩ ስለ ምን እንደምትዋጋ ይጠይቃል፤ ሳይጠይቅ የሚጮኸው ግን የሌላ ሰው ልጅ ሲዘምት የሚያጨበጭብ ነው።

ክቡራን መምህራኖቻችን፣ ውድ ወላጆቻችን፤ በዚህ ዓመት ከዚህ ግቢ ስንወጣ ከመካከላችን መሬት ቀያሽ የሚሆን ይኖራል፤ የባንክ ሠራተኛ፣ ዳኛ፣ ጋዜጠኛ፣ ነጋዴ፣ ወታደርም የሚሆን ይኖራል። ቀያሹ ምልክቱን በጊዜው ይትከል፤ የባንኩ ሠራተኛ ትንሹን ነጋዴ ያስታውስ፤ ዳኛው ሁለቱን ፍርድ አብሮ ያንብብ፤ ጋዜጠኛው ደብዳቤውን ከጦርነቱ በፊት ያትም። ወታደሩም፣ እርሱን ለሚያዝዙት ሁሉ አባታችን የነገሩንን አንድ ቃል ያስታውሳቸው፤ የሚሞትባትን ቦታ ስም ከዚያ በፊት ሰምቶት እንደማያውቅ።

በመጀመሪያው ቀን በቁራጭ ወረቀት ላይ የጻፍነውን ቃል መምህራችን በዓመቱ መጨረሻ መልሰው ሰጥተውናል። ብዙዎቻችን «ባድመ» ከሚለው ቃል አጠገብ ሌላ ቃል ጨምረን ጻፍን። አንዱ «ገበያ» አለ፤ ሌላው «ኩራት»፤ ሌላው «ዝምታ»። መምህሩም ሁሉንም ትክክል ብለው አርመው፣ ነጥብ ሳይሰጡበት መለሱልን።

ትምህርት ቤታችን ይህን የመሰለ ጥያቄ እየጠየቀ ረዥም ዘመን ይኑር!